አራተኛው ቤት

ያለፉትን ሳምንታት ላላነበበ ሰው ታሪኩ እዚህ ደርሷል። ማሬ አበረ ደምበጫ ላይ የምታስተምር የገበሬ ልጅ ናት። አንሙት ዓለማየሁ ደግሞ ወላጆቿ በሚኖሩበት፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ባለው ቀበሌ፣ የበግ አርቢዎቹን ማኅበር የሚያማክር የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነው። ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ የሚያውቅላቸው ሰው ግን የለም። የማሬ አባት አያ አበረ "አጥንቱን ለማላውቀው ሰው ልጅ አልሰጥም" የሚሉ ሰው ናቸው። አንሙት አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት፣ ቡሬ ከእናቱ ዘመዶች ጋር ያደገ፣ ከወር ደመወዝና ከመንግሥት ሞተር ሳይክል በቀር የሚያሳየው የሌለው ነው። በዚህ ላይ የጭነት መኪና ያላቸው የደጀን ሰዎች ማሬን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ አዘጋጅተዋል። አያ አበረ "የበጉ ትርዒት ይለፍና ይምጡ" ብለው መልሰዋቸዋል። ለማሬና ለአንሙት የቀራቸው ጊዜ ይኸው ነበር።

የትርዒቱ ሜዳ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ላይ ነው። የዘነበው ዝናብ ሣሩን አርሶት ስለነበር በጎቹ በረገጡበት ሁሉ ጥቁር ጭቃ ይወጣል። በእንጨት አጥር በተከፈሉት ጉረኖዎች ውስጥ የየአገሩ በግ ለየብቻው ቆሟል። ከመንዝ የመጡት ጸጉራቸው የተንዠረገገ፣ ቀንዳቸው የተጠማዘዘ ናቸው። ራሳቸው ጥቁር ገላቸው ነጭ የሆኑት ከውጭ ዘር ጋር የተዳቀሉ ዶርፐሮች ደግሞ እንደ በርሜል ክብ ሆነው ጥላ ሥር ያለከልካሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ የአገሬው ዋሸራ አለ፤ ቀይ፣ ጸጉረ አጭር፣ ቀንድ የለሽ፣ ላቱ ሰፊ።

አያ አበረ ቡላ የሚሉትን አውራቸውን በገመድ ይዘው ከአጥሩ ወጥተው ቆመዋል። ማሬ ጎኑን በጨርቅ ታብሰዋለች። ከጠዋት ጀምራ ስታብሰው ስለቆየች የሚታበስ ነገር የለውም። እጇ የሚሠራው ቢያጣ ዓይኗ መንገዱን እንዳያይ ነው። አንሙት አልመጣም።

"አያ አበረ!" አለ ከመንዝ የመጣው ባለበግ በአጥሩ ላይ ተደግፎ። "ይኼ በግዎ ቀንዱን ቤት ረስቶት ነው የመጣው?"

"የእኛ አገር በግ የበላውን ሥጋ ያደርገዋል እንጂ ቀንድ አያደርገውም" አሉ አያ አበረ ፈገግ ሳይሉ። "ቀንድ መብላት ያማረው ከአንተ ይግዛ።"

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ባለ መንዙም ሳቀ። ማሬ አልሰማችም።

አንሙት የት እንደሄደ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። የላከችውም እርሷ ናት።

ደምበጫ ገበያ ዳር፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ጀርባ ነበር የተነጋገሩት። "አባዬ ዘሩን የማይቆጥር ሰው ሰው አይመስላቸውም" ብላው ነበር። "እስከ ስንት ትቆጥራለህ?"

"አባቴን፣ አያቴን። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።"

"የበግ ቅድመ አያት በቃልህ የምታውቅ ሰው!"

"በጎቹ ጉትቻ አላቸዋ" አለ። ገበሬዎቹ ከበጎቹ ጆሮ ላይ የሚያስረውን ባለ ቁጥር ፕላስቲክ ጉትቻ እያሉ ይስቁበታል።

"አያትህ ደብረ ወርቅ አሉ አይደል፣ እማሆይ? ሂድና ጠይቃቸው። በአባትም በእናትም፣ የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩህ። አባዬ ፊት እስከ ሰባት ቤት ስትቆጥርላቸው ማየት እፈልጋለሁ።"

"ሰባት ቤት ባመጣ ምን አገኛለሁ?"

"እኔን" አለች።

ይህን ስትል ደፍራ ዓይኑን አይታው ነበር። እርሱ ግን የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያዘዋውር ቆየ። ከሰው ተደብቆ በሚኖር ፍቅር ውስጥ እንዲህ ያለች ቃል ለብዙ ጊዜ ስንቅ ትሆናለች። ማሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ቃል ነበር የምትኖረው።

ዳኞቹ የዋሸራውን ምድብ ሲጠሩ አንሙት ከሚኒባስ ወርዶ ሲሮጥ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በእርሷ በኩል ሲያልፍ ቀና አላለም፤ ግን ከንፈሩ ዳር ላይ አንድ ነገር ነበር። አመጣሁ የሚል። ማሬ ጨርቁን አጥብቃ ያዘችው። ደስታ እንዲህ ያለ ሥፍራ ሊያገኛት ይችላል ብላ አስባ አታውቅም፤ በበግ ሽታና በጭቃ መሀል፣ አባቷ አጠገብ ቆማ።

ዳኛው ወፍራም፣ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ነው። የቡላን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አየ። በመዳፉ አከርካሪውን ዳበሰ፣ ላቱን በሁለት እጁ መዘነ፣ ኋላ እግሮቹ መሀል ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ይራመድ" አለ። አያ አበረ ገመዱን አላልተው በሜዳው ዞሩ። ቡላ እንደ መኳንንት ነበር የሚራመደው።

"አባቱ ማነው? እናቱስ?" አለ ዳኛው።

የዚህ ጥያቄ መልስ ለማኅበሩ ባለሙያ የተተወ ነው። አንሙት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣና በቃሉ ተናገረ። የቡላ አባት ከላይኛው ጎጥ የመጣ መሆኑን፣ እናቱ መንታ የወለደች መሆኗን፣ የእናቱ እናትም እንዲሁ፤ በሦስት ትውልድ ውስጥ አውራው ከገዛ ልጁ ወይም ከእህቱ ጋር እንዳልተገናኘ። "አውራውን በየጊዜው ወደ ሌላ ጎጥ እናዛውረዋለን" አለ። "ዘመድ ከዘመድ እንዳይቀላቀል።"

"በግም ሰባት ቤት ተቆጠረለት እንዴ ዘንድሮ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሳቁ በሜዳው ተዛመተ።

በዚያ ትርዒት ለአውራ በጎች ሁለት ዕጣ ብቻ ነው ያለው። የተመረጠው በየጎጡ እየዞረ ይወልዳል፤ ያልተመረጠው ይኮላሽና ለበዓል ይደልባል። ስለዚህ ዳኛው ቀዩን ጥብጣብ አንስቶ በቡላ አንገት ላይ ሲያስር አያ አበረ ልጅ እንደ ዳረ ሰው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ገመዱን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው የአንሙትን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

"የበጌን ቅድመ አያት ቆጠርህልኝ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሕዝቡ እንዲሰማ። "የራስህንስ ታውቃለህ? ወይስ ለአንተም ጉትቻ እንሰርልህ?"

ማሬ ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ ይህ ነበር፤ እንዲህ በሳቅ፣ እንዲህ በፍቅር ይመጣል ብላ ግን አልጠበቀችም።

አንሙት እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። "አንሙት ዓለማየሁ" ብሎ ጀመረ። ዓለማየሁ ወልደጊዮርጊስ እያለ፣ አንዱን ከአንዱ ሳያምታታ፣ ጣቱን እያጠፈ ሰባተኛው ላይ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት እሰይ አሉ። አያ አበረ አገጫቸውን ይዘው ቆዩና "አጥንት አለህ ለካ" አሉ። "እኔ ደግሞ የቢሮ ሰው አባቱን በመታወቂያ ላይ ነው የሚያየው ብዬ።"

እዚህ ላይ ቢበቃ ኖሮ። ማሬ ኋላ ደጋግማ ያሰበችው ይህን ነው። ያለ ቃል በዓይኗ "ይበቃል" ልትለው ነበር፤ ግን ለምን ትበለው? ምንም የምትፈራው ነገር አልነበራትም። እርሱም በደስታ ላይ ነበር። በእናትም በአባትም አምጣ ብላው አምጥቷል፤ ያመጣውን ሁሉ ካላራገፈ ደስ አይለውም።

"በአያቴ በኩልም አውቃለሁ" አለ። "አባቴን የወለዱት እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው፤ ደብረ ወርቅ መንኩሰው የሚኖሩ። የእርሳቸው እናት ያለምወርቅ። የያለምወርቅ አባት ደግሞ ድረስ ይባላሉ።"

አያ አበረ አገጫቸውን ለቀቁ።

"ያለምወርቅ አገሯ የት ነው?"

"ከዚሁ ከጮቄ ሥር ነው አሉኝ። የጨው ነጋዴ ተከትለው በልጅነታቸው ከአገር እንደወጡ ነው እማሆይ የነገሩኝ። ኋላ ሊመለሱ ፈልገው አፍረው ቀሩ አሉ።"

"ወንድም ነበራት?"

"አንድ። መሳፍንት የሚባል።"

ገመዱ ከአያ አበረ እጅ ወደቀ። ቡላ ጥብጣቡን እንደታሰረ ራመድ ብሎ ከአጥሩ ሥር ያለውን ሣር ይነጭ ጀመር፤ የያዘው ሰው አልነበረም። አያ አበረ የአንሙትን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን አንድ በአንድ አዩት።

"እናንተ ሰዎች" አሉ። "እናንተ ሰዎች፣ መሳፍንት የእኔ አያት ነው! የአባቴ የአማረ አባት! እህቴን ሳላገኝ ሞትኩ እያለ ነው ነፍሱ የወጣችው። አባቴን አስምሎታል፣ አባቴ እኔን አስምሎኛል። የያለምወርቅን ዘር ካላገኛችሁ አጥንቴ አያርፍም ብሏል። ይኸው! በእግሩ መጣልኝ! በበግ ገመድ ስቤ አመጣሁት!"

ማሬ ይህን ታሪክ በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም። ከወንድ ጋር የጠፋች ሴት ነገር ነውና በቤቱ ሴቶች ልጆች ፊት አይነሳም፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚተላለፈው። በራሷ ጣት መቁጠር ጀመረች። ማሬ፣ አበረ፣ አማረ፣ መሳፍንት። ከመሳፍንት በላይ አባቱ ድረስ። በእርሱ በኩል ደግሞ አንሙት፣ ዓለማየሁ፣ ወለተ ኪዳን፣ ያለምወርቅ። ከያለምወርቅም በላይ አባቷ፣ ያው ድረስ። ከእርሷ በላይ አራት ቤት፣ ከእርሱም በላይ አራት። እስከ ሰባት የማይጋቡበት አገር ውስጥ በአራተኛው ተገናኝተዋል። እንደገና ቆጠረች። ቁጥር ደግሞ ቢለምኑት አይለወጥም።

አንሙትን አየችው። እርሱም እየቆጠረ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው፤ ሲቆምም አየችው።

ሴቶች እልል አሉ። አያ አበረ እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

"ማሬ! ምን ትቆሚያለሽ፣ ነይ እንጂ! ነይ ወንድምሽን ሳሚው!"

ከተዋደዱ ጀምሮ በሰው ፊት እጅ ለእጅ እንኳ ተጨባብጠው አያውቁም። አሁን ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ አባቷ ትከሻዋን እየገፉ፣ ጉንጩን በጉንጯ ነካች። በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ። ጺሙን አልተላጨም። የመንገድ ጭቃና የላብ ሽታ አለው። በሦስተኛው ላይ ትንፋሹ ጆሮዋ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ ማንም ያላየው ያ ብቻ ነው።

"ደነገጡ እኮ ልጆቹ" አለች አንዲት ሴት በርኅራኄ። "ዘመድ ማግኘትም ያስደነግጣል።"

በጎቹን ከሚጭነው አይሱዙ ጀርባ ሣር ለማምጣት ብላ ሄደች። ተከትሏት መጣ። አሁን ተከትሏት ቢመጣ ማንም ምንም አይልም። ይህንን ማወቋ ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት።

"ማሬ" አለ።

"አትጥራኝ።"

"ታዲያ ምን ልበልሽ?"

ከመኪናው ላይ አንድ በግ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት።

"አራት ቤት እኮ ነው" አለ። "ሩቅ ነው። ቄስ ይጠየቅ፤ ሊቃውንቱ ዘንድ እንሂድ…"

"ሄደን አይሆንም ቢሉንስ? ከጠየቅን በኋላ እኮ ምን እንደነበርን ይታወቃል። አባዬ አንተን አገኘሁ ባሉበት አፋቸው ምን ሊሉ ነው?"

"እሺ፣ አንጠይቅ። አዲስ አበባ እንግባ። ዝውውር እጠይቃለሁ። እዚያ የአያትሽ አባት ማን ነው የሚል ሰው የለም። ማንም አይቆጥርም ማሬ።"

"እኔ እቆጥራለሁ" አለች።

ቀና ብሎ አያት።

"ልጅ ታቅፌ እቆጥራለሁ። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው እቆጥራለሁ። አንተ ከቤት ስትወጣ እቆጥራለሁ። እንደዚህ ሆኜ ላስብህ አልፈልግም።"

አንሙት የመኪናውን ጎን በመዳፉ ተደግፎ አቀረቀረ። "ሥራዬ ነው እኮ" አለ። "አባት ከልጁ እንዳይገናኝ አውራ የማዛውረው እኔ ነኝ። ከአራት ትውልድ በኋላ ምንም እንደማይሆን ከማንም በላይ አውቃለሁ። በግ ብንሆን ኖሮ ማሬ፣ እኔ ራሴ እፈቅድልን ነበር።"

ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ማሬ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ቆማ አየች። እጇን ልትዘረጋ ትችል ነበር። እህት ወንድሟን ብታባብል ነውር የለውም። ስለዚህም አልዘረጋችም።

አንድ ቃል ስትጠብቅ ነበር። "የላክሽኝ አንቺ ነሽ" እንዲላት። ቢላት ትጣላው ነበር፤ ቢጣሉ ደግሞ ትንሽ ይቀላት ነበር። አላላትም። እንደማይላትም ታውቅ ነበር፤ የወደደችው እንደዚህ ያለውን ሰው ነው።

"ልጆች!" የሚለው የአያ አበረ ድምፅ ከወዲያ መጣ። "የት ገባችሁ? መኪናው ሊነሳ ነው፣ ኑ እንጂ ልጆቼ!"

ሰው ሲሞት ይለቀስለታል። ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ያዘነችው ሴት ጥቁር ትለብስና ማንም ምን ሆነሽ ብሎ አይጠይቃትም። በሕይወት እያለ ለተወሰደ ሰው፣ ያውም በእልልታ ለተወሰደ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ማሬ ያቀፈችውን ሣር ለበጎቹ በተነች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አባቷ ሄደች።

በማግሥቱ ቤቱ በሰው ሞላ። እናቷ እቴ ሥራነሽ ጓዳ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ወጥ እያማሰለች "ይኼ ዓይኑ የአማቴ ዓይን ነው፣ እኔ እኮ ድሮም ሳየው ልቤ ይራራ ነበር" ትላለች። ማሬ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሽንኩርት መክተፍ ለእርሷ ያን ቀን የተሰጠ ምሕረት ነበር።

አያ አበረ አንሙትን ከጎናቸው መደቡ ላይ አስቀምጠውታል። ዘመድ ሲመጣ እየተነሱ ያስተዋውቃሉ፤ አንሙት እየተነሳ ይስማል፣ እየተቀመጠ ይነሳል። እማሆይን ከደብረ ወርቅ እንዴት እንደሚያመጧቸው፣ የመሳፍንት መቃብር ላይ እንዴት እንደሚያቆሟቸው ተነጋገሩ። እማሆይ በስልክ ሲያለቅሱ እንደዋሉ አንሙት ተናገረ። የእናታቸውን አገር ለማየት ከአልጋቸው ተነስተው በትራቸውን ፈልገዋል አለ። ማሬ ከጓዳው ሰማችው። አዲስ አበባ የሚሉት ከተማ በዚያች ሰዓት ከማንኛውም አገር ይልቅ የራቀ መሰላት።

ምግብ ሊቀርብ ሲል እናቷ ማንቆርቆሪያውንና የእጅ መታጠቢያውን ሳህን አስያዘቻት። ማሬ ከአባቷ ጀመረች።

"እንግዲህ" አሉ አያ አበረ እጃቸውን እያሹ፣ ወደ አንሙት ዞረው። "ለማሬ ወንድም አልሰጠኝም እያልኩ እግዜርን ሳማርር ነበር። ለካ ይዞልኛል። እሁድ የደጀን ሰዎች ይመጣሉ። እኔ እያረጀሁ ነው፣ ጆሮዬም ይደክማል። አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ። አጥንታቸውን አንተ ጠይቅልኝ፤ እስከ ሰባት ሳይቆጥሩልህ እሺ እንዳትላቸው። እህትህን ለማን እንደምንሰጥ አንተ አጣራልኝ።"

"እውነት ነው" አሉ በዙሪያው ያሉት። "ከእርሱ የተሻለ ቆጣሪ ከየት ይመጣል።"

"አባዬ" አለች ማሬ። ሁሉም ዞሩ። ሁሉም ፊት በርቶ ነበር። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም። "የደጀኖቹ ትንሽ ቢቆዩ" አለች። "ትንሽ ልረፍ።"

"ኧረ አይዞሽ ልጄ" አሉ በርኅራኄ። "አሁን ብቻሽን አይደለሽም።"

የመታጠቡ ተራ የአንሙት ነበር። ጎንበስ አለች። እጆቹን ዘረጋ። ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ምን እንደሚመልስ እርሷን እየጠየቃት ነበር። ሰው በተሞላበት ቤት ውስጥ፣ በዓይኑ ብቻ፣ እምቢ ልበል? አንዲት ነገር ካየባት እምቢ ይላል፤ ቤቱም፣ አባቷም፣ የእማሆይም መንገድ አብሮ ይፈርሳል።

ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች።

"እሺ አያ አበረ" አለ አንሙት። "እቀመጣለሁ።"

"አያ ምን ያደርጋል፤ አባባ በለኝ።"

"እሺ… አባባ።"

ማሬ ውሃውን አፈሰሰች። በጣቶቹ መሀል አልፎ ወደ ሳህኑ ሲወርድ አየችው። እጇ ይንቀጠቀጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ውሃው ቀጥ ብሎ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ውጭ ሳይረጭ ወረደ። በሕይወቷ ከዚህ የበለጠ ያስፈራት ነገር አልነበረም፤ እንዲህ ሆና መኖር እንደምትችል ያወቀችው በዚያች ቅጽበት ነውና።